የወይዘሮ ጫማ፦ ከአንድ ሥር የተረፈች አበባ

በዚህ ወር ወደ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ይዘናችሁ እንሄዳለን። ከሲልቨርዴል ባቡር ጣቢያ ወርደን በእግራችን ያቀናነው ጌት ባሮውስ ወደተባለው ሥፍራ ነበር። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያለ ነው። ምድሩ የተነጠፈ የሚመስል የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟው ተሰነጣጥቋል። በየስንጥቁ ቁጥቋጦ ይበቅልበታል። «የወይዘሮ ጫማ» የተባለችውን ኦርኪድ ያየነው እዚህ ነው።

የምታብበው በግንቦት ማለቂያ አካባቢ ነው። መካከሏ ቢጫ ነጠላ ጫማ ይመስላል፤ ዙሪያውን ቡናማ ቅጠሎች እንደ ጥብጣብ ተጠምዝዘው ይከቡታል። ለንብ የምትሰጠው ወለላ ግን የላትም። ትንሿ የዱር ንብ በቀለሟና በሽታዋ ተስባ ከጫማው ውስጥ ትወድቃለች። ግድግዳው ስለሚያዳልጥ በገባችበት መመለስ አትችልም። በስተኋላ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ስትሾልክ ከሌላ አበባ ያመጣችውን ብናኝ ታራግፋለች፤ አዲሱንም ተሸክማ ትወጣለች።

ዘሯ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ከበቀለም በኋላ ለማበብ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ሰው ሲረባረብበት ምን ይተርፈዋል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎችና አትክልተኞች እየነቀሉ ወሰዷት። በሌላው አውሮፓና በእስያ ብትኖርም፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከብሪታንያ ጠፍታለች ተባለ። በ1930 ግን ዮርክሻየር ውስጥ አንድ ሥር ተገኘ። ያገኙት ሰዎች ቦታውን ለማንም አልተናገሩም። ምሥጢሩ ለአሥርተ ዓመታት ተጠበቀ፤ በማበቢያዋ ወቅትም ዘብ ይቆምላት ነበር።

ከ1983 ጀምሮ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ዘሯን በብልቃጥ ውስጥ ለማብቀል ተነሡ፤ ተሳካላቸውም። ችግኞቹም በቀድሞ መኖሪያዋ ተተከሉ። እኛ ያየናቸውም በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው። በ1981 የወጣው የአገሪቱ ሕግ እርሷን መቅጠፍንም ሆነ መንቀልን ይከለክላል።

ወጣቶች ሆይ! «አንዲት ብቻ ብወስድ ምን ይጎዳል?» ያለው ሰው አንድ አልነበረም። ሁሉም አንዳንድ ወሰዱ፤ የቀረውም አንድ ብቻ ሆነ። የነቀሏት ለጥቂት ቀን ደስታ ነበር፤ ለመመለስ ግን ዕድሜ ሙሉ የለፉ ሰዎች አስፈልገዋል።