ጥርስን ነክሶ ማደር

አማርኛችን ጥርሱን ነክሶ የኖረን ሰው ያከብራል። ችጋሩን ጥርሱን ነክሶ ያለፈ፣ እስሩን ጥርሱን ነክሶ የጨረሰ፣ የአለቃውን ስድብ ጥርሱን ነክሶ የዋጠ፣ ሁሉም በጨዋነታቸው ይነሣሉ። የጥርሱ ነገር እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እኔንም ወደ ጥርስ ሐኪም የወሰደኝ የጀግንነት ታሪክ አይደለም። ባለቤቴ «ወፍጮ ቤት ያደርኩ ነው የሚመስለኝ» ማለት ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬ እየደረቀ ጆሮ ግንዴን ይወጋኝ ጀመር፤ በመጨረሻም አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ ተሰነጠቀ።

ሐኪሞች ብሩክሲዝም ይሉታል። በእንቅልፍ ውስጥ አእምሮ ለጥቂት ሰከንዶች ሊነቃ ብሎ ይመለሳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ወዲያውም የማኘኪያ ጡንቻዎች ደጋግመው ይኮማተራሉ። ባለቤቱ አንዳች አያውቅም። እንደየጥናቱ ከ100 ጎልማሶች ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ሌሊት ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። በሕፃናት ላይ ይበልጥ የተለመደ ሲሆን አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። (በእኛ ሰፈር ጥርሱን ያፋጨ ልጅ ሁሉ ወስፋት አለበት ተብሎ የትል መድኃኒት ይጠጣ ነበር። ትሉ ጥፋተኛ ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ መድኃኒቱ ግን ለሌላው ነገር ሳይጠቅመን አልቀረም።)

የፖለቲካ ሐተታ የሚጽፍ ሰው ጥፋትን ወደ መንግሥት ለመላክ እጁ ፈጣን ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ወቅት እስከ እኩለ ሌሊት ዜና ስናሳድድ የኖርን ሰዎች ብንሰባሰብ፣ ስንት የተሰነጠቀ ጥርስ እናዋጣ ይሆን? መረጃም አላጣሁም፤ በኮሮና ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከጠየቃቸው ሐኪሞች 70 በመቶ ያህሉ ጥርስ የሚያፋጭ ታካሚ በዝቶብናል ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ሳይንሱ ለክሴ በቂ ምስክር አያቆምልኝም። ጭንቀት ይበልጥ የሚዛመደው ቀን፣ ነቅተን ሳለን፣ ጥርስ ከመንከስ ጋር ነው፤ ከሌሊቱ ጋር ያለው ዝምድና የላላ ነው። አልኮል፣ ሲጋራ፣ ቡናና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ስማቸው ይነሣል (መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ ግን ጨርሶ አይገባም)። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ መሆኑን ደግሞ የበርጫ ወዳጆቼ ልብ ይበሉልኝ።

ስለ መንስኤው ይህን ያህል የማትተው መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ቅንጣት ጥርጥር ስላልነበረበት ነው። «ጥርሶችዎ በትክክል አይገጥሙም» አለኝ። መፍትሔውም ጤነኛ የሆኑ አራት የመንጋጋ ጥርሶቼን ሞርዶ በክራውን መሸፈን ነበር። ዋጋውን ተዉት፤ የሁለት ወር ደመወዜ አይበቃውም። የጥርስ አገጣጠም ነው ማፋጨትን የሚያመጣው የሚለው አስተሳሰብ ለዘመናት የገነነ ቢሆንም የኋለኞቹ ጥናቶች አልደገፉትም። የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ዳግመኛ አይበቅልም። ከሥሩ ነቅዬ ካላስተካከልኩ የሚል ገዥ በየዘመኑ የተፈራረቀብን ሰዎች፣ ያው ነገር በገዛ አፋችን ውስጥ ሲደገም ለማሰብ ጊዜ መጠየቅ የሚከብደን አይመስለኝም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ማንኮራፋቴ ነበር። ጥያቄው ያለ ነገር አልመጣም፤ ጥርስ ማፋጨትና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ መታፈን አንዳንድ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ እንዲህ ያለው ሕመም ላለበት ሰው በላይኛው መንጋጋ የሚጠለቅ መከላከያ ትንፋሹን ሊያብስበት ይችላል። ስለዚህ የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው አስቀድሞ እንቅልፉን ይመርመር። እኔ ከዚህ ነጻ ስለነበርኩ የጥርሴ ልክ ተወስዶ ከጠንካራ ፕላስቲክ ናይት ጋርድ ተሠራልኝ። ለስላሳው ርካሽ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1987 በ10 ሰዎች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት ጠንካራው በ8ቱ ላይ የጡንቻውን ሥራ ሲቀንስ፣ ለስላሳው በ5ቱ ላይ ጨምሮታል።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ መከላከያው ማፋጨትን ያክማል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኘም፤ የጥርስን መበላት በመግታት ግን ሊጠቅም እንደሚችል ገልጿል። ሐኪሟም አልደበቁኝም። «ማፋጨትዎን አያቆምልዎትም፤ የሚፋጨው ግን ፕላስቲኩ ይሆናል» አሉኝ። በሽታዬን እነቅላለሁ ከሚለው ይልቅ ይህን አመንኩ።

ቦቶክስስ? በመንጋጋ ጡንቻ ላይ ሲወጋ የንክሻውን ኃይል ያዳክማል፤ የማፋጨቱን ብዛት ግን እምብዛም አይቀንስም። ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል፤ ሲደጋገም የመንጋጋ አጥንትን እንዳያሳሳ የሚሰጉ ተመራማሪዎች አሉ። እንደ ክሎናዜፓም ያሉ እንክብሎች ሱስ ያስይዛሉ።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ምክር የቀኑ ነው። የላይና የታች ጥርስ መነካካት ያለባቸው ስናኝክና ስንውጥ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ይለያያል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ራሴን መታዘብ ጀምሬያለሁ፤ የምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን እያየሁ ስጽፍ መንጋጋዬ እንደ ቁልፍ ተቆልፎ አገኘዋለሁ። በኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ «ጥርስህን ፍታ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

ናይት ጋርዱ አሥራ አራት ወር ሞላው። በስተግራ በኩል እንደ ገበሬ ትልም ያለ ጭረት ወጥቶበታል። ሐኪሟ በየስድስት ወሩ ያዩታል፤ በመጪው ዓመት ይቀየራል ብለውኛል። ፕላስቲኩ ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተሠራልኝን ያህል ከፍዬ የምገላገል አይመስለኝም።