ስካሩ ሲበርድ በደም የሚቀረው

ከመተማ ማዶ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው እንጀራ ሲሆን ያቆመናል፤ አረቄ ሲሆን ይጥለናል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥን በሕግ ብትከለክልም የቤት አረቄ ከጓዳ አልጠፋም።

እኛ ጠረፍ ጠባቂዎች አርባን ስንሻገር ጉዞአችን ያጥራል፤ መለኪያችን ግን አያጥርም። ስካሩ በማግሥቱ ይበርዳል፤ መጠጡ ሲዘወተር ግን ጉበት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ አብዝቶ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ልኩ በዴሲሊትር ደም ከ150 ሚሊግራም በታች ነው፤ ከ500 ካለፈ ቆሽትን ለብርቱ ሕመም ያሰጋል። «መጠጥ ጥሩውን ኮሌስትሮል ይጨምራል» እያልን እንጽናናለን፤ ጭማሪው ልብን መጠበቁ ግን አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ሚስቶቻችን «ይብቃህ» ሲሉን አንቆጣ። ደማችንንም እናስመርምር፤ ልጆቻችን ከጡረታችን ይልቅ እኛን ይሻሉና።