የካፋ ክረምትና የጓሮ ጎልድፊሽ

ጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ጎልድፊሽ ማርባት የጀመሩ የቢታ ገነት ወጣቶች ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲጠባ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ክረምቱን ብርዱ አይገላቸውም?» ጭንቀታቸው ይገባኛል። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ቪዲዮ ሁሉ የፈረንጅ አገር ነው፤ በረዶ ሲበሳ፣ ማሞቂያ ሲገጠም ያሳያል። እኛ ጋ ግን ዓሣውን የሚፈትነው ዝናቡ ነው። ካፋ የአገራችን ዝናብ በብዛት ከሚጥልባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ምክርም ስንሰጥ ከዚህ መነሳት አለብን።

ጎልድፊሽ ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ ሲያዳቅሉት የኖሩት ዓሣ ነው፤ ቅዝቃዜን የመቋቋም ችሎታው የሚያስደንቅ ነው። ውሃው በበረዶ ተሸፍኖ ኦክስጂን ሲያልቅበት፣ ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ቀይሮ ያስወጣል። ይህን የሚችሉ ዓሣዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የሐምሌ ብርዳችን ለእሱ ምንም አይደለም።

ጌጠኞቹ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሁለት ጅራት ያላቸው፣ ሆዳቸው ክብ የሆነው፣ እንደ ኦራንዳ ራሳቸው ላይ ሥጋ የበቀለባቸው ዝርያዎች፣ ሰው ለውበት ብሎ አካላቸውን ስላሳጠረው አንጀታቸውና የአየር ከረጢታቸው ተጨናንቋል። ውሃው ቀዝቀዝ ሲል የምግብ መፈጨት ይዘገያል፤ በዚያ ላይ ምግብ ከበዛባቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ተገልብጠው ይንሳፈፋሉ። ክረምቱን በቀን አንዴ፣ ወዲያው የሚያልቅ ትንሽ ምግብ ይበቃል።

ዋናው ነገር አየር ነው። ደመናው ቀናት ሲዘልቅ፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ፀሐይ አጥቶ ኦክስጂን ማምረቱን ይቀንሳል፤ ሌሊት ደግሞ ራሱ ይተነፍሰዋል። ጎርፉ ይዞት የገባው ቅጠልና ፍግ ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሰዋል። ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ባትሪ ይዛችሁ ኩሬው ዳር ቁሙ። ዓሣዎቹ ውሃው ላይ ተሰልፈው አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ካያችኋቸው ተርበው አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። የዚያን ቀን ምግብ አትስጧቸው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሌለ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ከምንጭ የሚመጣውን ውሃ በቀርከሃ ቦይ ከፍ አድርጋችሁ እንዲወድቅ አድርጉ፤ ሲፈነጥቅ አየር ይዞ ይገባል። እኔ በዚህ ዘዴ የምተማመነውን ያህል በፓምፕ አልተማመንም።

የቆርቆሮ ውሃና የግቢ ጎርፍ ኩሬው ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርጋችሁ ቦይ ቅደዱለት። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም፤ አፈራችንም አሲዳማ ነው። ገበሬው ማሳውን በእርሻ ኖራ እንደሚያክም ሁሉ፣ ለኩሬውም የኖራ ድንጋይ ስባሪ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው። ግድግዳ የሚቀባበትን የተቃጠለ ኖራ ግን አደራ፣ ዓሣው ያለበት ውሃ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ያቃጥላቸዋል።

አንዳንዶች «ለጥላ» ብለው እምቦጭ ይፈልጋሉ። ጣና ላይ የሆነውን እያየን እንዴት ይታሰባል? በየግቢው ያለው የእንሰት ቅጠል ኩሬው ጥግ ላይ ከላይ ቢጋደም ጥላም ይሰጣል፣ ከወፍም ይሸሽጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የትርፍ ውሃው መውጫ ነው። ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ ዓሣውም እንቁላሉም አብሮ ወደ ወንዝ ሊሄድ ይችላል። የጎልድፊሽ የቅርብ ዘመድ ዝዋይ ሐይቅ ገብቶ ኑሮውን መሥርቷል። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጎጀብ ወንዛችንም ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ነው የሚፈሰው። በወንዞቻችን ውስጥ እዚህ ብቻ የሚኖር ዓሣ ሊኖር ይችላል፤ ጭቃ እየቆፈረና እንቁላል እየበላ የሚኖር እንግዳ አንጨምርባቸው። መውጫው ላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ወንፊት በድርብ አድርጉ፤ ቅጠል እንዳይደፍነው ዝናብ ባባራ ቁጥር አጽዱት። ማርባት የሰለቸው ወይም የበዙበት ሰው ካለ ወንዝ ውስጥ አይልቀቃቸው፤ ለሌላ አርቢ ይስጥ። የሚወስድ ካጣ እኔ ጋ ያምጣቸው፣ ቦታ አለኝ።