ያልተኮሰው ተኳሽ

እሑድ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ግጥሙ አምስት ስንኝ ነው፤ እኛ ግን አራት ገጽ ጻፉ ተብለናል» አለችኝ። ሥልጣንንና የሰውን ሕይወት ከንቱነት እንዴት እንደሚያሳይ ተንትኑ ነው ነገሩ። ግጥሙ የአሜሪካዊው ራንዳል ጃሬል ነው፤ በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆድ ሥር በተንጠለጠለች ድቡልቡል ክፍል ውስጥ መትረየስ የያዘ አንድ ወታደር እንዴት እንደሞተ ራሱ ያወራል። ከሞተ በኋላ ማለት ነው።

«ሥልጣኑ የታለ? አንድ አለቃ እንኳ የለበትም እኮ!» አለች። ጥያቄዋን ወደድኩላት። እውነትም አዛዥ የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ጠላትም በአገሩ ስም አልተጠራም። መጀመሪያ ላይ እናት ብቅ ትላለች፤ ወዲያው ቦታዋን መንግሥት ይወስደዋል። ልጁ ወዶ ይዝመት ተገዶ አናውቅም። አንድ የሚጮህ ሻምበል ቢኖር የምንጠላው ሰው እናገኝ ነበር፤ ጃሬል ግን ይህን ነፍጎናል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ከሥራ ገብቼ ሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ሠራሁ። የቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሆድ ክፍል ወርዷ 120 ሳንቲ ሜትር አይሞላም ነበር። መሐሉ ገብቼ ተጣጠፍኩ፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር መጣ፣ ክርኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ባለቤቴ አይታኝ «ደህና ነህ?» ብላ ሳቀች። እንግዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ሁለት ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶችም ነበሩ። ለዚህ ሥራ አጫጭር ልጆች ይመረጡ ነበር። ፓራሹት ታጥቆ ለመግባት ቦታ ስለማይበቃ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሹቱ ከክፍሏ ውጭ፣ ከላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ይቀራል። በሯ ወደ አውሮፕላኑ የሚከፈተው ደግሞ አፈሙዞቹ ቀጥ ብለው ወደ መሬት ሲዞሩ ብቻ ነው። ማዞሪያው ከተበላሸ በእጅ ካልተዞረች ወደ አውሮፕላኑ መመለሻ የለውም።

ጃሬል ስለ ግጥሙ በጻፈው ማብራሪያ ላይ ተኳሹ በክፍሏ ውስጥ ተዘቅዝቆ ሲታይ ጽንስ ይመስል እንደነበር ይናገራል። ወለሉ ላይ ተኮራምቼ ይህን ሳስብ ነገሩ የገጣሚ ፈጠራ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። የማህፀኑን ቅርጽ ያወጣው መሐንዲሱ ነው፤ ገጣሚው አይቶ መሰከረ። በከፍታው ላይ የሚጠብቀው ግን ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው፤ ልደቱም ተኩስ ነው።

መጨረሻው ዘግናኝ ነው። ከልጁ የቀረው ነገር በጎማ ቱቦ ታጥቦ ይወጣል፤ ማብራሪያው የእንፋሎት ቱቦ መሆኑን ይጨምራል። ለምን ይታጠባል? ግጥሙ አይልም። እኔ እንደምገምተው ክፍሏ ለሚቀጥለው ልጅ ትፈለጋለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጃሬል የሞተው በዛሬው ቀን ነው፤ ጥቅምት 4 ቀን 1958 በእኛ አቆጣጠር። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቻፕል ሂል አካባቢ መኪና ገጭቶት፣ በ51 ዓመቱ። በጦርነቱ ዘመን አየር ኃይል ውስጥ ቢያገለግልም ውጊያ ላይ አልበረረም፤ አሪዞና ሆኖ በራሪዎችን በከዋክብት አቅጣጫ መለየት ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ይሄዳሉ፣ እሱ ይቀራል። የግጥሙ ድምፅ እንዲህ የረጋው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ዋይታ የለበትም፣ የጓድ ሪፖርት ነው የሚመስለው።

ማታ አምስቱን ስንኝ ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። ሰውዬው ተኳሽ ነው፣ መትረየስ ታጥቋል፤ ግን አንድ ጊዜም አይተኩስም። ይወድቃል፣ ይኮራመታል፣ ይነቃል፣ ይሞታል። የመጨረሻው ሥራ ደግሞ የሌሎች ነው፤ እነሱ ያጥቡታል። ሥልጣኑ የታለ ላለችኝ ልጅ መልሱ ይኸው፦ ያን ያህል መሣሪያ ተሸክሞ በራሱ ላይ ከሚደርሰው በቀር ምንም የማያደርግ ሰው። ደውዬ ነገርኳት። «ይኼን እጽፈዋለሁ፣ ጋሼ» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጽፋው መጣች። ግን በመጨረሻው ገጽ የእኔን ሐሳብ ገልብጣዋለች፦ «የማይተኩስ ተኳሽ ለማዘን ይመቻል። አውሮፕላኑ ግን ቦምብ ይዟል። ከታች ያሉት ሰዎች የት ገቡ?» ቀጥላም በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በአገራችን ሰው ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነባቸውን ታነሳለች። እኛ ቦምብ ጣይን የምናውቀው ከታች ሆነን ነው፤ ስለዚህ ግጥሙን ስናነብ ዓይናችን ወደ መሬት ይሄዳል ትላለች።

መጀመሪያ ልከራከራት አሰብኩ። የአሜሪካኖቹ ጦርነት ከናዚ ጋር ነበር፣ ከሙሶሊኒም ጋር ነበር፤ ሁለቱን ማመሳሰል አይገባም አልኳት። «አላመሳሰልኩም፤ ከታች ያሉት የሉም ነው ያልኩት» አለች። ልክ ናት፤ የሉም።

ለጃሬል ፍትሐዊ እንሁን ከተባለ ግን ሌላ ግጥም አለው፣ ርዕሱ «ኪሳራዎች» ሊባል የሚችል። እዚያ ከተሞቹ አሉ፤ በራሪዎቹም ማቃጠላቸውን በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ልጅቷ እሱንም አንብባ አንድ አንቀጽ ጨመረች። እኔም ፍርዴ ይኸው ነው፦ አምስቱ ስንኝ መንግሥት በልጁ ላይ ያደረገውን ከማንም በላይ አሳይተዋል፤ ልጁ በሌሎች ላይ ያደረገውን ግን ለ«ኪሳራዎች» ትተዋል። የምታነቡ ካላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ።