የመጠጥ ክልከላው ሒሳብ

በምጣኔ ሀብት ክፍሎች የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቂያ ነው። አንድ ታላቅ አገር ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ መጠጥ ከለከለ፤ ሕዝቡ በድብቅ ጠጣ፤ ወንበዴዎች ከበሩ፤ አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላም ክልከላው ተሻረ። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁት ቁጥር ሳቁ ይርቀኛል፤ በውስጡ መልስ ያላገኘ የሴቶች አቤቱታ አለና።

የሴቶች ክርስቲያናዊ የመታቀብ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1874 ሲመሠረት አብዛኞቹ አሜሪካውያት የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። የባል ደመወዝ መሸታ ቤት ሲቀር ሕግ የሚሰጣቸው መጠጊያም ጥቂት ነበር። ፍራንሲስ ዊላርድ የመጠጥን ጉዳይ «የቤት ጥበቃ» ብላ ከምርጫ መብት ጋር ያስተሳሰረችው ስለዚህ ነው።

ይሁንና አቤቱታ ብቻውን ሕገ መንግሥት አይለውጥም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ከሩብ በላይ የሚሆነው የሚሰበሰበው ከመጠጥ ታክስ ነበር። በ1913 የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ሲፈቀድ ይህ ጥገኝነት ላላ፤ ፀረ መሸታ ቤት ማኅበርም በዚያው ዓመት ለአገር አቀፍ ክልከላ ዘመቻ ከፈተ። 18ኛው ማሻሻያ በጥር 1919 ጸድቆ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ።

ክልከላው ጨርሶ አልሠራም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ጄፍሪ ማይረንና ጄፍሪ ዝዊብል በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንደገመቱት፣ ፍጆታው መጀመሪያ ከቀድሞው መጠን ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በኋላ ግን ወደ 60 እና 70 በመቶ ተመለሰ። ሸክሙም እኩል አልተከፋፈለም። ሕጉ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን እንጂ መጠጣትን ስላልከለከለ፣ ባለጸጋው አስቀድሞ ጓዳውን ሞላ። ብዙ ቦታ የሚይዘው የሠራተኛው ቢራ ግን ለመደበቅ አስቸጋሪ ሆነ። ኮንትሮባንዲስቱም በትንሽ ጠርሙስ ብዙ ትርፍ የሚያስገኘውን ጠንካራ መጠጥ መረጠ።

እዚህ ላይ አያቴን አስባለሁ። ልጆቿን ያሳደገችው አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው። ከደንበኞቿ የአንዳንዶቹ ሚስቶች ደግሞ የአስቤዛ ገንዘብ ፍለጋ እደጃፏ ይመጡ ነበር። አያቴ ሻጭ ብትሆንም እነርሱን ባዶ እጃቸውን መሸኘት ይከብዳት ነበር። በክልከላው ዘመን በአሜሪካም ድሆች መበለቶች በየቤታቸው መጠጥ እያወጡ ሸጠዋል። መጠጥን በአዋጅ ማጥፋት የአንዷን ሴት እንጀራ ለማዳን የሌላዋን መንጠቅ ሊሆን ይችላል።

ክልከላውን የሻረው ሒሳብም ከዚህ ጥያቄ የራቀ ነበር። ፒየር ዱፖንትን የመሳሰሉ ባለሀብቶች የመጠጥ ታክስ ቢመለስ የገቢ ግብር ይቀልልናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የግብር ገቢውን ሲያመናምነው መንግሥትም ሌላ ምንጭ ፈለገ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 በ21ኛው ማሻሻያ ክልከላው ተነሣ።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ስታግድ የመረጠችው ከሙሉ ክልከላ የለዘበውን መንገድ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ማስታወቂያን መገደብና ታክስ መጣል ዋጋውን ለኮንትሮባንዲስት አሳልፎ አይሰጥም። ነገር ግን የቢራ ታክስ ሲጨምር ከፊሉ ጠጪ ታክስ ወደማይደርስበት አረቄ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ከታክሱ የሚገኘው ገንዘብ የት እንደሚውል አብሮ መወሰን አለበት፤ ለአረቄ ሻጯ ሌላ ሥራ የምትጀምርበት ብድር፣ ለጠጪው ሕክምና፣ ለሚስቱም ቀለብ የምታስከብርበት ፍርድ ቤት ያስፈልጋልና። የአሜሪካ ሴቶች የቤታቸውን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ ፈልገው ነበር፤ ያገኙት ግን ጠርሙስ የሚያሳድድ ፖሊስ ነው።