አሮጊቷ ፕሮቦክስ እና አዲሱ ዘይት

ድንበር ላይ የምንኖር ሰዎች መቀየር አያስፈራንም። ጠዋት ብር ይዘን ወጥተን ማታ ሽልንግ ይዘን እንገባለን። ከወዲያ በቀኝ የሚነዳው ሾፌር ኬላውን ሲያልፍ ወደ ግራ ይዞራል። ለአንዱ ደንበኛ በአማርኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ፣ ለፖሊሱ በስዋሂሊ እንመልሳለን። ቀጠሮ ስንይዝ እንኳ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለን ጠይቀን ነው። እንዲህ ያለን ሰዎች የመኪናችንን የሞተር ዘይት ከተለመደው ወደ ሲንተቲክ ለመቀየር አራት ወር ተከራከርን ብንል ማን ያምነናል? ግን ተከራክረናል።

«እኛ» የምንለው ሦስት ሴቶች ነን፤ ጎልቦ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንኖር። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ተረክበን ወደ ሶሎሎና ማርሳቢት፣ አልፎ አልፎም እስከ ኢሲዮሎ እናደርሳለን። ስንመለስ ሳሙና፣ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ እንጭናለን። ታላቃችንን እትዬ እንላታለን፤ ገንዘቡ እሷ ጋ ነው። ታናሻችን መሪውን ትይዛለች። የኮሜርስ ዲፕሎማ ያላት ደብተሩን ትይዛለች፤ ይህንንም የጻፈችው እሷው ናት፤ ሐሳቡ ግን የሦስታችን ነው።

መኪናችን እ.ኤ.አ. የ2006 ሥሪት ቶዮታ ፕሮቦክስ ናት። በ2014 በእቁብ ገንዘብ ከሌላ ነጋዴ ገዛናት። ያኔ የኢሲዮሎና የሞያሌ አስፋልት ገና አልተጋጠመም ነበር፤ ማርሳቢት ደርሰን ስንመለስ እኛም እሷም አንድ ዓይነት አቧራ ለብሰን ነበር የምንገባው። ዛሬ ቆጣሪዋ ከ300,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። የሦስት ቤት ኪራይ፣ የሰባት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሷ ጀርባ ላይ ነው የሚወርደው። ሞተሯ ቢቆም ሦስት ቤት ይቆማል። ስለዚህ የዘይቱ ክርክር ቀልድ አልነበረም።

ነገሩን ያመጣችው ታናሻችን ናት። ማርሳቢት ጭነት ስታራግፍ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ጭነት፣ ለምን ሲንተቲክ አትጠቀሙም?» አላት። ዋጋውን ይዛ መጣች። እትዬ ዋጋውን ስትሰማ፣ «ለመኪና ነው ወይስ ለወጥ?» አለች።

ወደ መካኒካችን ሄድን። ጋሼ ብዙ ዘመን በሙያው የኖሩ፣ አሥር ዓመት መኪናችንን በሕይወት ያቆዩ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ አሮጌ ሞተር የለመደውን ዘይት ነው የሚያውቀው። ይሄ አዲሱ ያጥበዋል፣ ያጥበዋል፤ ከዚያ በየስፌቱ ያለቅሳል» አሉን። እኛም ለሦስት ወር ያህል አፋችንን ያዝን።

በነዚህ ወራት ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ አነበብን፣ ጠየቅን። የተረዳነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

የተለመደው ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ውስጡ ትልቅም ትንሽም ቅንጣት፣ ሰምና ድኝ ጭምር ይቀርበታል። ሲንተቲክ የሚባለው በኬሚካል ሂደት ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ እንዲሆኑ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መነሻቸው ያው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ሲንተቲክ በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝም ቶሎ ይፈስሳል። በጎልቦ ማን ይቀዘቅዛል እንዳትሉ፤ ሠርቶ የጋለ ዘይት 100 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ አንጻር የእኛም ጠዋት ለሞተር ብርድ ነው። ሞተር ብዙ የሚበላውም ሲነሣ፣ ዘይቱ ገና ላይ ሳይደርስ ነው።

ሁለተኛው የተረዳነው ነገር ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነው። «ሲንተቲክ ቀጭን ነው» ይባላል። ሲንተቲክነትና ቅጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋሎኑ ላይ 20ደብሊው-50 ወይም 5ደብሊው-30 የሚል አለ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ በኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይናገራል። ሲንተቲክ ሆኖ 50 የሆነ ወፍራም ዘይት አለ፤ ተራ ሆኖ 30 የሆነ ቀጭንም አለ። አሮጌ መኪና ከ50 በአንድ ጊዜ ወደ 30 ወርዶ ቢያንጠባጥብ፣ ጥፋቱ የሲንተቲክነቱ ላይሆን ይችላል።

የጋሼ ፍርሃትስ? ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሕዝብ መኪና መሸጥ የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲኮች ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ጎማዎች ያኮማትሩ ነበር። በኋላ ቅመማው ተስተካከለ። ወሬው ግን ከቅመማው ይልቅ ዕድሜው ረዘመ፤ እነሆ ጎልቦ ድረስ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ከወሬው ውስጥ አንድ እውነት ቀርቷል። አዲስ ዘይት የቆየ ዝቃጭ ያጥባል፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ጎማን ዝቃጭ ደፍኖት ከነበረ፣ ስንጥቁ ይገለጣል።

ከዚያ ደብተሩ ወጣ። በእኛ ዋጋ ተራው ዘይት ባለ 4 ሊትር ጋሎን 2,400 ሽልንግ፣ ፊልትሮ 600፣ የእጅ 200፤ በድምሩ 3,200። በየ5,000 ኪሎ ሜትር እንቀይር ነበር፤ በኪሎ ሜትር 64 ሳንቲም ማለት ነው። ሲንተቲኩ 5,600፣ ፊልትሮና እጅ ተጨምሮ 6,400። በ10,000 ኪሎ ሜትር ቢቀየር ያው 64 ሳንቲም ይመጣል። ሻጮች የሚሉን ይህንን ነው። እኛ ግን አቧራ ላይ ነን፤ ከአስፋልቱ ወጥተን መንደር ለመንደር እንገባለን፣ ከባድ ጭነት እንጭናለን፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ዘይት ቶሎ መቀየር አለበት። 8,000 ብለን ወሰንን። በ8,000 ሒሳቡ 80 ሳንቲም ነው። በዓመት ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፤ ልዩነቱ 3,840 ሽልንግ ሆነ። «ሲንተቲክ ገንዘብ ይቆጥባል» የሚለውን ደብተራችን አላጸደቀውም።

እትዬ ይህን ስትሰማ ትስቃለች ብለን ነበር። አልሳቀችም። «ቱርቢን ረሳችሁት?» አለች።

አልረሳነውም፤ ልናስታውሰው ግን አንወድም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከማርሳቢት ስንመለስ፣ የዲዳ ጋልጋሉን ጠፍ ሜዳ አልፈን ቱርቢ ስንቃረብ መታጠፊያ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ አለ። «ከተማ ስንደርስ እንጨምራለን» ተባባልንና ነዳን። እንደ ነዳጅ መብራት ቆጥረነው ነበር። ያ መብራት ግን የዘይት ግፊት መብራት ነው። ሲበራ ሞተሩ ውስጥ ዘይት በሚገባው ኃይል እየተረጨ አይደለም ማለት ነው፤ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት እንጂ መንዳት የለም። ቱርቢ ደርሰን መለኪያውን ስናወጣ ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት አልነበረም። ሞተሩ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። አሥር ዓመት አንድም ቀን ራሳችን ለክተን እንደማናውቅ ያን ቀን ለእርስ በርሳችን እንኳ አልተናገርንም።

ስለዚህ ዘይቱን ከመቀየራችን በፊት አንድ ወር ለካን። በየቅዳሜው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳ ላይ አቁመን፣ መለኪያውን አውጥተን ጠርገን፣ መልሰን ከትተን አየን፤ ቁጥሩን ከበርበሬው ሒሳብ ጎን ጻፍን። በ2,000 ኪሎ ሜትር ከላይኛው ምልክት እስከ መካከሉ ወረደ፤ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ጭሷ ሰማያዊ አይደለም። ለዕድሜዋ ክፉ አይደለችም። ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ ወይም በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ብትጨርስ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ውድ ዘይት ገዝቶ በጭስ ማውጫ ማቃጠል ንግድ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠገን ይጠገናል።

በመጨረሻ ቀየርን። ቀጭኑን 30 ሳይሆን 5ደብሊው-40 ሲንተቲክ መረጥን። ጋሼ እያጉረመረሙ ቀየሩልን። ሞተሩን አሙቀው አሮጌውን ዘይት በደንብ አፈሰሱ፣ አዲስ ፊልትሮ አሰሩ፣ 3.7 ሊትር ሞሉ። ማጠቢያ ፈሳሽ አላስገባንም፤ ዝቃጩ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ የዘይት መንገድ እንዳይዘጋ። የመጀመሪያውን ዙር በ3,000 ኪሎ ሜትር እንደምናፈስሰው ወሰንን፤ ያጠበውን ይዞ ይውጣ ብለን።

በ1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ጠቆረ። ደነገጥን። ጋሼ ራሳቸው አረጋጉን፤ ዘይት መጥቆሩ ብቻ ጥፋት አይደለም፣ ጥላሸቱን ተሸክሞ መያዙ ሥራው ነው አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ስንነሣ መኪናዋ ከቆመችበት አፈር ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ነጠብጣብ አገኘን። ሦስታችንም ቆመን አየናት። ማንም አልተናገረም። 5,600 ሽልንግ፤ እቁባችንም፣ ጋሼም ፊታችን ላይ መጡ።

ጋሼ «አላልኳችሁም?» አላሉም፤ ይህን ስለሳቸው መመስከር አለብን። ከላይ ያለውን የሞተር ክዳን ዙሪያ በቤንዚን አጠቡት። የአሥር ዓመት አፈርና ዘይት ተጋግሮ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። ክዳኑን ሲያነሡት ከሥሩ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ በእጃቸው ተሰበረ። ይዘውት ቆዩና፣ «ዘይቱ አይደለም የሰበረው። ተሰብሮ የቆየውን ነው ያሳየን» አሉ። ጎማውና እጁ 1,800 ሽልንግ ወሰደ። ነጠብጣቧ ቆመች።

አሁን ሁለት ሙሉ ዙር ሄደናል። በ2,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የምትጠጣው አሁን የዚያን ግማሽ ትጠጣለች። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የዘይቱ፣ ስንቱ የጎማው እንደሆነ አንለይም። ጠዋት ስትነሣ የምታሰማው ማንኳኳት ቀንሷል። ነዳጅ ቆጠበች ወይ ብትሉን፣ ደብተሩ አዎ አይልም፤ ጭነታችን ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ማወዳደር አንችልም።

ታዲያ 3,840 ሽልንጉን ለምን እንከፍላለን? እትዬ ናት የመለሰችው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል»። በሙቀት፣ በጭነት፣ መካኒክ በሌለበት ሜዳ ላይ ለምትሠራ መኪና ትንሽ መጠባበቂያ እየገዛን ነው። ሌላ መኪናም በቀላሉ አይገኝም። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነ መኪና አታስገባም፤ ስለዚህ አዲስ የሚገባው ሁሉ ውድ ነው። ከወዲያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተባለ። ያቤሎም ዲላም ያሉ ዘመዶቻችን ያላቸውን ኮሮላ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ለዚህ ነው። «ሲንተቲክ ልግዛ ወይ?» ብለው ሲደውሉልን እንዲህ እንመልሳለን።

መጀመሪያ አንድ ወር ለኩ። ቢያንጠባጥብ ጠግኑ፣ ቢያጨስ ጠግኑ። የመኪናው መጽሐፍ የፈቀደውን ቁጥር ምረጡ። የአየር ማጣሪያውን አትርሱ፤ አቧራ የበላው ሞተር በየትኛውም ዘይት አይድንም። የታሸገ ጋሎን ከምታውቁት ሰው ግዙ፤ ክዳኑ የተነካካ ከሆነ በርካሽም አትውሰዱ። ባዶውን ጋሎን ወግታችሁ ጣሉት፤ ነገ ሌላ ሰው ሐሰተኛ ዘይት ሞልቶ ለእናንተው እንዳይሸጥበት። አሮጌውን ዘይት መሬት ላይ አታፍስሱ፤ በእኛ አገር ውኃ ከዘይት ይወደዳል። ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ በተራው ዘይት ቆዩ፤ በጊዜው የተቀየረ ተራ ዘይት ከተረሳ ሲንተቲክ ይበልጣል።

ለኛ ትልቁ ለውጥ ጋሎኑ ውስጥ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ታናሻችን መለኪያውን ታወጣለች፣ እትዬ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ደብተሩ ይጻፋል። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ሦስታችንም አርፍደን ነበር። ጋሼ በዚያ ሲያልፉ ከመንገድ ማዶ ሆነው፣ «ዛሬ አልለካችሁም እንዴ?» ብለው ጮኹብን። ለካን። አልወረደም።