ከመግዛት በፊት መለካት

የውኃ ፓምፕ ሞተር ከቤንዚን ወደ ሲሊንደር ጋዝ ሲዞር፣ ካርቡራተሩ ላይ የሚገጠመው ጋዝና አየር አዋሃጅ፣ ማለትም ሚክሰሩ፣ በልኩ እንጂ በዋጋው አይመረጥም። ጉሮሮው ከጠበበ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ሥራ ሲከብድበት ይለግማል። ከሰፋ ደግሞ ጋዙን የሚስብበት ኃይል ይላላል፤ ለማስነሣት ያስቸግራል።

ወለቃችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከቆላው ባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተርም ከጉልበቱ ያንኑ ያህል ያጣል። ስለዚህም አጎቴ “ጠባቡ ርካሽ ነው፤ እሱኑ ልግዛ” ሲሉኝ፣ “ጋሼ፣ አየር በሳሳበት አገር ጉሮሮ ይጠበባል እንዴ? ውኃው ከላይ ካለው ሽንኩርትዎ ሳይደርስ ይቀራል” አልኳቸው። የሞተሩን ሲሲ አይተን፣ የካርቡራተሩን አፍ ለክተን፣ ልኩን ገዙ።

ጓደኞቼ፣ ነገ ተማሪ ፊት ስንቆም ይኸንኑ እናስተምር፦ ብር ከመቁጠር በፊት መለካት!